«ኢንሻአላህ እገዛለሁ» ገበያ አይደለም

ካርቱም ሁለት ሱቅና ምግብ ቤት የነበረን፣ ዛሬ በገዳሪፍ፣ በፖርት ሱዳን፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ የተበተንን ሰዎች ሰሞኑን ስንደዋወል ወሬያችን አንድ ሆኗል፦ መቼ እንመለስ፣ ምን እንክፈት? የሱዳን ጦር በመጋቢት 2025 (እ.ኤ.አ.) ቤተ መንግሥቱን መልሶ ከያዘ ወዲህ ሰው ወደ ከተማዋ እየገባ ነው። መመለሱን አንቃወምም። የምንቃወመው አብሮት የመጣውን ችኮላ ነው። ገና አንድ ደንበኛ ሳይገኝ እቁብ ይወጣል፣ የእህት ወርቅ ይሸጣል፣ ከዓረብ አገር የተላከ ደመወዝ ይደመርና የእንጀራ ማሽን፣ የቡና መቁያ ይገዛል። ማን ይገዛችኋል ስንል መልሱ «ሁሉም ይፈልጋል፣ ጠይቀናል» ነው።

ማንን ጠየቃችሁ? የማኅበር ጓደኛን፣ የክርስትና እናትን፣ የድሮ ጎረቤትን። እነሱማ ምን ይበሉ? ፊት ለፊት «አልገዛም» ማለት በእኛም በሱዳኖችም ዘንድ ነውር ነው። ሱዳናዊው «ወላሂ ተማም፣ ኢንሻአላህ» ይላችኋል፤ የእኛው ሰው «እግዜር ይርዳችሁ፣ የመጀመሪያዋ ደንበኛ እኔ ነኝ» ትላችኋለች። ይህ ምርቃት ነው። ምርቃት ደግሞ ኪራይ አይከፍልም።

«ገበያውን እናውቀዋለን» የሚሉም አሉ። የሚያውቁት ከሚያዝያ 15 ቀን 2023 በፊት የነበረውን ገበያ ነው። ያኔ የቢሮ ሠራተኛው፣ የእርዳታ ድርጅት ሰው፣ ከዴም ድረስ የሚመጣው አበሻ ነበር ምሳ የሚበላው። ጦርነቱ ሲነሳ መንግሥት ፖርት ሱዳን ገባ፤ ከአበሻውም ብዙው በመተማ ወጣ። አሁን ቀድሞ የሚመለሰው ቤቱ መቆሙን ሊያይ፣ በር ሊያስገጥም የመጣ ሰው ነው። እሱ ሚስማርና ውሃ ይገዛል፤ ማኪያቶ ይግዛ አይግዛ ገና አልታወቀም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ሦስት ኪሎዋት ተኩል ያህል ይስባል። መብራቱ በማይታመን ከተማ ማሽኑ በጄኔሬተር ሲሠራ የአንዷ እንጀራ ዋጋ ስንት እንደሚሆን አስልቶ ያሳየን ሰው እስካሁን የለም። (የኢቃማው ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚፈልግ እዚህ አናነሳውም።)

እኛ የምናምነው አንድ ማስረጃ ብቻ ነው፤ ቀብድ። ዓረቦች አረቡን ይሉታል፤ የእኛ ኢንሹራንሶች ያንኑ ቃል ወስደው ለመድን ክፍያ አደረጉት። ሰው ከኪሱ ገንዘብ አውጥቶ ሲያስቀምጥ ያን ጊዜ ይፈልጋል እንላለን።

እዚህ ላይ የሚነሳብን ክርክር እናውቃለን፤ «ዕቃ ሳይኖር ገንዘብ መቀበል ማጭበርበር ነው»። ከሚቀርቡት ሁሉ ጠንካራው ይህ ስለሆነ በቁም ነገር እንመልስ። የ1952ቱ የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 ላይ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ካርቱም ላይ የሚሠራው የሱዳን ሕግ ቢሆንም ይህችኑ ደንብ በአማርኛና በዓረብኛ በወረቀት ጽፎ መፈራረም ማን ከለከለ? «ገና አልጀመርንም፤ ሃያ ደንበኛ ካልሞላ ገንዘባችሁን እንመልሳለን» ብሎ የጻፈ ሰው አላጭበረበረም። በብድር ማሽን ገዝቶ ለዘመድ «ትርፉ የተረጋገጠ ነው» የሚለው ግን ምን እንደሚባል አንባቢ ይፍረድ።

ሌላው ክርክር «ሐሳባችን ይሰረቃል» ነው። እንጀራ መሸጥ ምስጢር ከሆነ እንግዲህ ምን ይባላል!

ፈተናውም ከባድ አይደለም። ምጣድ ተውሳችሁ በከሰል አሥር ቀን ጋግሩ። በነፃ አታቅምሱ፤ ነፃ ቅምሻ ስለ ዋጋ ምንም አይነግራችሁም። ነገ ኪራዩንና ነዳጁን ጨምራችሁ በምትሸጡበት ዋጋ ዛሬ ሽጡ። ዋናው ቁጥር ደግሞ የመጀመሪያው ቀን ሽያጭ አይደለም። የመጀመሪያውን እንጀራ አበሻው በናፍቆት፣ ሱዳናዊው ጎረቤት ለማየት ያህል ይገዛዋል። እሱ ኪስራ አለው፤ ከማሽላ ሊጥ የሚጋገር፣ ስስና ርካሽ። የእናንተን ከዚያ ጋር ያወዳድራል። በሁለተኛው ሳምንት ሳትጠሩት ተመልሶ የመጣው ስንት ነው? እሱን ጻፉ። ዱቄቱም አብሮ ይፈተናል፤ የመተማና የገላባት መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት የኖረ ነው፤ በአሥር ቀን ውስጥ ጤፍ ካጣችሁ ማሽኑም ያጣል።

ትልልቆቹም እንዲህ ነው የጀመሩት። በ1999 አሜሪካ ውስጥ በኢንተርኔት ጫማ ለመሸጥ ያሰበ ሰው መጋዘን አልሞላም። የሰፈሩን ሱቆች ጫማ ፎቶ አንስቶ ለጠፈ፤ ሰው ሲያዝ ሄዶ ከሱቁ በመደበኛ ዋጋ እየገዛ ላከ። ከስሮ ሊሆን ይችላል፤ ግን ሰው ጫማ ሳይለካ እንደሚገዛ አወቀ። ያ ሱቅ ኋላ ዛፖስ ሆነ። የእኛ ሰው ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይወዳል።

ስለዚህ «ለካርቱም ሁለቱ ሥራ አዋጡ» የሚል ስልክ ሲመጣላችሁ የቀብዱን ደብተር ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። ስም አያስፈልግም፤ ስንት ሰው፣ ስንት ፓውንድ፣ ስንቱ ተመልሶ መጣ የሚለው ይበቃል። ደብተሩ ከሌለው እኛ አናዋጣም፤ እናንተም የልጆቻችሁን የትምህርት ቤት ክፍያ እዚያ አታስገቡ።