የሚርገበገበው አምፖልና ተጠያቂ ያጣው ገበያ

‹‹ስማርት ቤት›› የሚለው ቃል ዛሬ ከአዲስ አበባ አፓርታማ ደላሎች አፍ አይጠፋም። ደላላው ስልኩን አውጥቶ የሳሎኑን መብራት ከፍ ዝቅ ሲያደርግ የገዢ ልብ ይማረካል። ጣጣው የሚመጣው ቁልፍ ከተረከቡ በኋላ ነው። መብራቱ ሲቀነስ ይርገበገባል፤ ጠፋ ሲባል ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ገዢው ኮንትራክተሩን፣ ኮንትራክተሩ ቸርቻሪውን፣ ቸርቻሪው አስመጪውን ይወቅሳል። አስመጪው ደግሞ ቮልቴጁን ያማርራል። በመጨረሻ አምፖሉ በአዲስ ይተካል፤ አዲሱም ይርገበገባል።

በእኛ አስተያየት በዚህ መንገድ ብዙ ጤነኛ ዕቃ ይጣላል። አምፖሉ ለብቻው ሲፈተሽ ደህና ነው፤ ዲመሩም እንዲሁ። ሁለቱ ግን አብረው እንዲሠሩ አልተሠሩም።

አሜሪካዊው ጆኤል ስፓይራ በ1959 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው ኤሌክትሮኒክ ዲመር የታሰበው ለድሮው ባለ ክር አምፖል ነበር። እንዲህ ያለው ዲመር በእኛ 50 ኸርዝ መስመር ላይ ኤሌክትሪኩን በሴኮንድ 100 ጊዜ እየቆረጠ ይለቅቃል። የጋለ ክር ቶሎ ስለማይበርድ መቆራረጡ ለዓይን አይታወቅም። ኤልኢዲ ግን ወዲያው ስለሚጠፋ መቆራረጡን ማስታረቅ ያለበት በውስጡ ያለው ድራይቨር ነው፤ ርካሹ ድራይቨር ደግሞ ይህ ይከብደዋል። ሳጥኑ ላይ ‹‹ዲመብል›› ተብሎ መጻፉም ከየትኛው ዲመር ጋር እንደሆነ አይናገርም።

የጭነቱ ሒሳብ ነጋዴውን ራሱን ያሳስታል። አሥር ባለ 60 ዋት የክር አምፖሎች 600 ዋት ይስቡ ነበር፤ በቦታቸው የገቡት ባለ 7 ዋት ኤልኢዲዎች ግን 70 ዋት ብቻ ናቸው። መኝታ ቤት ውስጥ ሁለት ብቻ ቢኖሩ 14 ዋት ይሆናል። ብዙዎቹ የድሮ ዲመሮች ከ40 ዋት በታች ሲሆን ሥራቸው ይዛባል። ወደ ላይም ቢሆን 600 ዋት የተባለ ዲመር 85 ኤልኢዲ ይሸከማል ማለት አይደለም። ለኤልኢዲ የሚፈቀደው ለብቻው ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜም 150 ዋት አካባቢ ነው።

በስልክ የሚታዘዘው ዲመር ሌላ ጣጣ አለው። መብራቱ ጠፍቶም ትዕዛዝ ስለሚጠብቅ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ከማብሪያ ማጥፊያው ሳጥን ውስጥ ኒውትራል ሽቦ ከሌለ የሚያገኘው በአምፖሉ በኩል አሾልኮ ነው፤ የሌሊቱ ደብዛዛ ብርሃን የሚመጣው ከዚህ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ የሚያመጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ በእኛ 220 ቮልት ላይ ባይሞከር ይሻላል።

እንግዲህ ከርካሹ መጀመር ነው፤ ብሬከሩ ወርዶ፣ ሥራውም በባለሙያ እጅ። መብራቱ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶም የሚርገበገብ ከሆነ የላላ ሽቦና ቮልቴጅ ይታይ። ሲቀነስ ብቻ ከሆነ ከአምፖሎቹ አንዱን በባለ ክር አምፖል መለወጥ ነው፤ ሌሎቹ ከረጉ ጥፋቱ የጭነት ማነስ ነው። የዲመሩን ዝቅተኛ የብርሃን መጠን ከፍ ማድረግ ምንም አያስወጣም። ያ ካልበቃ ባይፓስ የሚባለውን ትንሽ ዕቃ በአምፖሉ በኩል ማስገጠም ይቻላል። ዲመሩን ለኤልኢዲ በተሠራው ዓይነት መለወጥ የመጨረሻው ወጪ ነው።

አስመጪው የትኛው አምፖል ከየትኛው ዲመር ጋር እንደተፈተሸ የሚገልጽ ዝርዝር ከአምራቹ ሊጠይቅ ይገባል፤ ስፓይራ የመሠረተው ሉትሮን እንዲህ ያለውን ዝርዝር ያወጣል። ቸርቻሪውም ሁለቱን አጣምሮ በአንድ ዋጋ ቢሸጥ እንመክራለን። ‹‹ደንበኛው የሚያወዳድረው የአምፖሉን ዋጋ ብቻ ነው›› የሚል ነጋዴ አይጠፋም፤ እውነትም አለው። ሆኖም ተመልሶ የመጣ አንድ ካርቶን የስንቱን ካርቶን ትርፍ እንደሚበላ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ቤት ገንቢው ደግሞ 500 አምፖል ከማዘዙ በፊት አንድ ክፍል ላይ ገጥሞ፣ ቮልቴጅ በሚወርድበት የምሽት ሰዓት ለአንድ ሳምንት ይመልከተው።