መጀመሪያ ጎማውን እዩ

የአሮጌ መጫወቻ መኪና ዕድሜ ከቀለሙና ከቅርጹ ይልቅ በጎማው ላይ ይነበባል። ቀለም እንደገና ይቀባል፤ የአካሉ ቅርጽም ሻጋታው እስካለ ድረስ ለዓመታት ሳይለወጥ ይመረታል። ጎማውን ግን ፋብሪካው የምርት ወጪ ሲከብደው ወይም ተፎካካሪ ሲነሣበት ይቀይረዋል። የእንግሊዙ ሌዝኒ እ.ኤ.አ. በ1953 የጀመረው የማችቦክስ መኪና መጀመሪያ የብረት ጎማ ነበረው፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ግራጫ ፕላስቲክ ተተካ፤ ከዚያም ጥቁር ፕላስቲክ መጣ። አሜሪካዊው ማቴል በ1968 በቀጭን አክስል ላይ በፍጥነት የሚንከባለለውን ሆት ዊልስ ሲያወጣ፣ ማችቦክስ በ1969 ሱፐርፋስት በሚባሉት ጎማዎች መልስ ሰጠ። ከዚንክ ቅይጥ ፈስሰው ይሠሩ በነበሩት የዲንኪ መጫወቻ መኪናዎች ላይም እንዲሁ ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩትን ለስላሳ ቸርኬ፣ ከጦርነቱ በኋላ የወጡትን ደግሞ መሐሉ ከፍ ያለ ቸርኬ ይለያቸዋል። የአውሮፕላን ሞዴል ዓይነትም በጎማው ይለያል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኤርባስ 350-900 እና እ.ኤ.አ. በ2024 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው 350-1000 አንድ ዓይነት ቀለም የተቀቡ ናቸው። በርዝመት የሚለያዩት በ7 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ይህ ልዩነት በ1 ለ400 መጠን ከሁለት ሴንቲ ሜትር በታች ነው። በትክክል በተሠራ ሞዴል ላይ ግን ከክንፉ ሥር ያሉትን ጎማዎች መቁጠር ይበቃል፤ የመጀመሪያው በእያንዳንዱ ዋና እግሩ ላይ አራት፣ ሁለተኛው ስድስት ጎማ አለው።

ይህን የማየት ልማድ የውጭ ሰብሳቢዎች ብቻ ሊይዙት አይገባም። ልጆቻችን ከሽቦና ከጣሳ የሚሠሯቸው መኪናዎች የፋብሪካ ስም የላቸውም፤ የተሠሩበት ዓመትም አልተጻፈባቸውም። ስለዚህ ጎማቸው ከዲንኪው ጎማ የበለጠ ያስፈልገናል። ለዚህ ሥራ ከአዲስ አበባው አቃቂ ቃሊቲ የተሻለ መነሻ አይታየኝም። የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ያለፈው በአቃቂ ነው፤ ፋብሪካው፣ መጋዘኑ፣ የከባድ መኪና ጋራዡ በዚያው ዙሪያ ተሰበሰበ። መጫወቻ የሚሠራ ልጅ ደግሞ ጎማውን ገበያ ሄዶ አይገዛም፤ ሰፈሩ ከጣለው ያነሣል። በመሆኑም ጎማው ሰፈሩ በዚያ ጊዜ ምን ይጠጣ፣ ምን ይጫማ፣ ምን ይጠግን እንደነበር የሚመሰክር ሰነድ ነው።

የሽቦ መኪና ጎማ የሚሆነውን የጠርሙስ ቆርኪ እንውሰድ። ቢራ ፋብሪካዎቻችን ሥራ የጀመሩበት ዓመት ይታወቃል፦ ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1922፣ ዳሽን በ2000፣ ሐበሻ በ2015፣ ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር። ዋልያ ቢራ ለገበያ የቀረበው በዚሁ አቆጣጠር በ2014 ነው፤ የሚጠመቀውም እዚያው አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ቂሊንጦ ላይ ነው። የዋልያ ቆርኪ ጎማ ያለው የሽቦ መኪና እንግዲህ ጎማው ከ2014 በፊት ሊገጠምለት አይችልም። ስሙ በዝገት ቢጠፋ እንኳ ቆርኪውን ገልብጦ ማየት ነው፤ ጥንት የቆርኪ ውስጥ ሽፋን ከቡሽ ይሠራ ነበር፣ ኋላ ፕላስቲክ ተካው። ከሸበጥ ሶል ተቆርጦ የወጣ ጎማም ቀለሙንና ድርብርቡን ያሳያል፤ የጫማ ቀለም ጣሳ ክዳንም ማኅተሙን ይዞ ይቆያል። ከሁሉ በላይ የሚናገረው ግን ኩሽኔታ ነው። ልጆች ጣውላ ላይ ገጥመው ቁልቁለት የሚወርዱበት ኩሽኔታ ከከባድ መኪና ወይም ከፋብሪካ ማሽን የወጣ ነው፤ ቀለበቱ ላይም ቁጥር ተቀርጾበታል። 6204 የሚል ከሆነ የውስጥ ቀዳዳው 20፣ የውጭ ስፋቱ 47 ሚሊ ሜትር ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች 04 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆኑ፣ በ5 ተባዝተው የቀዳዳውን መጠን ይሰጣሉ። ከቁጥሩ አጠገብ የስዊድን፣ የጃፓን ወይም በሩሲያ ፊደል የተጻፈ የሶቪየት አምራች ስም ይኖራል። የሶቪየት ማኅተም ደርግ ያስገባቸውን የጭነት መኪናዎች ያስታውሳል፤ እነዚያ መኪናዎች ከደርግ በኋላም ለረጅም ዘመን ሲሠሩ ስለቆዩ ግን ልጁ የተጫወተበትን ዓመት ለብቻው አይወስንም።

ጎማ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰበርና የሚቀየር ዕቃ ነውና እንዴት ለማስረጃ ይታመናል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ማችቦክስና ዲንኪ የሚመረምሩ ሰዎችም በየቀኑ የሚታገሉት ከዚሁ ጋር ነው። መልሱ ጎማውን ለብቻው ሳይሆን ከአክስሉና ከአካሉ ጋር አንድ ላይ መመርመር ነው። በፋብሪካ መኪና ላይ የአክስሉ ጫፍ ተቀጥቅጦ ወይም ተጨፍልቆ ይዘጋል፤ በኋላ የተከፈተ ከሆነ አዲስ የመዶሻ ምት፣ በዙሪያው የተፋቀ ቀለም ይታያል። በሽቦ መኪና ላይም ሻሲው ዝጎ አክስሉ የሚያብለጨልጭ ከሆነ፣ ወይም የቆርኪው ቀዳዳ ሳይሰፋ ሽቦው ብቻ በመሽከርከር ብዛት ከቀጠነ፣ ጎማው እንግዳ ነው። እንግዳ መሆኑ ግን ዋጋ አያሳጣውም። ልጁ መኪናውን ጠግኖ መጫወቱን ስለሚነግረን የመጀመሪያውም የኋላውም ጎማ ሊመዘገብ ይገባል። አንድ ቆርኪ ዕቃው ከመቼ ወዲህ እንደሆነ እንጂ እስከ መቼ እንደሆነ አይናገርም፤ ይህን ወሰኑን ማክበር ግዴታ ነው።

ሌላው ተቃውሞ እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ውድ ዕቃ ለሚሻሻጡ ሰዎች እንጂ ዋጋ ለሌለው የሽቦ መኪና አይገባም የሚል ነው። እኔ የምፈራው ተቃራኒውን ነው። በዲንኪ ገበያ ላይ ለጥገና ተብሎ የተመረተ አዲስ ጎማ እንደ አሮጌ እየተሸጠ የብዙ ዕቃ ታሪክ ተበላሽቷል። ስለዚህ የኛው መጫወቻ ዋጋ ያላወጣበት ይህ ጊዜ ሐቀኛ መዝገብ ለመክፈት የሚመች ነው። ለመዝገቡ የሚሆን ቦታም አለ። በስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ትርኢቱን ያዘጋጀው በሰው ልጅ የሕይወት ጉዞ ቅደም ተከተል ሲሆን፣ የሚጀምረውም ከልጅነት ነው። የአቃቂ ቃሊቲ ትምህርት ቤቶችም ሙዚየሙን ሳይጠብቁ ሥራውን መጀመር ይችላሉ። ተማሪዎች በየቤቱ የቀረውን ይሰብስቡ፤ ጎማውን አያጽዱት፣ አይቀይሩት፣ ዝገቱን አይፋቁት። መኪናውን ገልብጠው ሆዱን ፎቶግራፍ ያንሡ፤ የጎማውን ስፋት በሚሊ ሜትር ይለኩ፤ የቆርኪውን ማኅተም ወይም የኩሽኔታውን ቁጥር ይቅዱ፤ ማን በየትኛው ሰፈር እንደሠራውም ባለቤቱን ጠይቀው ይጻፉ። የሠሩት ሰዎች ዛሬ ጎልማሶችና ሽማግሌዎች ናቸው፤ ቆርኪውን ከየት እንዳነሡት፣ ኩሽኔታውን የትኛው ጋራዥ እንደሰጣቸው ገና ያስታውሳሉ።