የሕዋ ውሃ ሕግ ሲረቀቅ ሐረርም ትናገር

በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ ያደገ ሰው የውሃን ዋጋ ከጀሪካን ሰልፍ ተምሯል። ለዓመታት ሐረርን ያጠጣው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደረቀ። ያደረቀው አንድ ጠላት አልነበረም። ገበሬው ጫቱንና አትክልቱን ሊያጠጣ ሞተር ተከለ፤ የተራቆተው ተራራ አፈሩን እየለቀቀ ሐይቁን በደለል ሞላው፤ ከተማችንም ድርሻዋን በቧንቧ ሳበች፤ ዝናቡም አላገዘም። ሁሉም ለኑሮው የሚበጀውን አደረገ፤ ስንት ይበቃል፣ ማን መቼ ያቁም የሚል ሁሉን የሚገዛ ደንብ ግን አልነበረም። ከዚያ በኋላ የምንጠጣው ውሃ ከድሬዳዋ ቆላ ዳገት እየተገፋ መምጣት ጀመረ። ሐይቁ በቅርብ ዓመታት በከፊል ቢመለስም ያ ታሪክ አልተሰረዘም።

ይህን ያነሳሁት ስለ ጁፒተር ልናገር ነው።

በጁፒተር ጨረቃ በዩሮፓ የበረዶ ቅርፊት ሥር ከምድር ውቅያኖሶች ሁሉ በእጥፍ ገደማ የሚበልጥ ውሃ እንዳለ ሳይንቲስቶች ይገምታሉ። የሳተርን ጨረቃ ኢንሴላደስ ውሃዋን በእንፋሎት መልክ ወደ ሕዋ ትረጫለች። በሌላዋ የሳተርን ጨረቃ በታይታን ላይ ደግሞ የፈሳሽ ሚቴን ሐይቆች ተኝተዋል። ውሃ በኤሌክትሪክ ሲከፈል ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይሆናል፤ ማለትም ነዳጅና እስትንፋስ። በ2015 ዓ.ም. የአውሮፓ፣ በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንኮራኩር ወደ ጁፒተር ተነስተዋል፤ የአሜሪካው በ2022፣ የአውሮፓው በ2023 ዓ.ም. ይደርሳሉ ተብሎ ይጠበቃል። እነዚህ የሚሄዱት ለጥናት ነው። ቀጂው ግን የሚመጣው ከአጥኚው በኋላ ነው።

የሚቀዳበት ደንብ ደግሞ ገና አልተቋጨም። ኢትዮጵያ በ1959 ዓ.ም. የፈረመችው የሕዋ ስምምነት ማንም አገር የሰማይ አካልን የግሉ እንዳያደርግ ይከለክላል። ተቆፍሮ የወጣው ሀብት የማን እንደሆነ ግን በግልጽ አይናገርም። አሜሪካ በ2008፣ ሉክሰምበርግ በ2009 ዓ.ም. ለአውጪው ኩባንያ የሚፈቅድ ሕግ አወጡ፤ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና ጃፓንም ተከተሉ። ቀድሞ የደረሰ ይቅዳ የሚለውን አካሄድ እኛ እናውቀዋለን፤ ሐረማያ ላይ መጨረሻውን አይተናል።

መታቀብ እንደሚቻልም ማስረጃ አለ። ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩር ነዳጇ ሊያልቅ ሲል መስከረም 5 ቀን 2010 ዓ.ም. ሆን ተብሎ ወደ ሳተርን ከባቢ አየር ገብታ እንድትቃጠል ተደረገ፤ ከምድር የሄደ ተህዋስ የኢንሴላደስን ውሃ እንዳይበክል። ሰው ማንም ያልጠጣውን ውሃ በዚህ ያህል ጥንቃቄ ጠብቋል። እኔን ከየትኛውም የሕዋ ፎቶ በላይ የሚነካኝ ይህ ውሳኔ ነው።

ለደሃ አገር ይህ ምኑ ነው የሚል ካለ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ተልዕኮዋ የገዛ አፈራችንንና ውሃችንን ማየት እንደነበር ያስታውስ። ደግሞም ቪየና ላይ በሚሰበሰበው የተባበሩት መንግሥታት የሕዋ ኮሚቴ ኢትዮጵያ አባል ናት። ኮሚቴው የሕዋ ሀብት አጠቃቀምን ሕግ የሚመረምር የሥራ ቡድን አቋቁሟል። ወንበር አለን፤ በወንበሩ የሚቀመጠው ሰው ምን ይዞ ይሂድ?

ከሸንኮር እስከ ጂኔላ፣ ከአባድር እስከ ሀኪም ያላችሁ ወጣቶች፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪን አትሽሹ፤ ሕግ የምታጠኑም የሕዋን ስምምነት አንቀጽ በአንቀጽ አንብቡ። ዛሬ ስምንተኛ ክፍል ያለ ልጅ መንኮራኩሮቹ ሲደርሱ ለሙያ የሚዘጋጅ ወጣት ይሆናል። እናቶችና አባቶች፣ አፎቻ የምንለው መረዳጃ ማኅበራችሁ ለሠርግና ለሐዘን እንደሚደራረስ ሁሉ አንድ ጎበዝ ተማሪንም፣ ሴት ልጅንም ጭምር፣ እንዲያስተምር ተመካከሩ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የውሃና የሕግ መምህራን፣ የሐይቁን ታሪክ ከገበሬው፣ ከውሃ ቀጂዋና ከቧንቧ ሠራተኛው አፍ በዚህ ዓመት መዝግቡ። የዕድሜ ባለጸጎቹ ሳያልፉብን ይሰብሰብ፤ ተጽፎም ለስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ይድረስ፤ የኢትዮጵያ ልዑክ ለሚቀጥለው የቪየና ስብሰባ ይዞት ይሂድ።