የተጠገነ ዕቃ ምስክር ያስፈልገዋል





እኔ በራያ ቆላ፣ በቆቦ አጠገብ፣ ከጎሊና ወንዝ ውኃ በሞተር እየሳብሁ ሽንኩርት የማለማ ገበሬ ነኝ። ባለፈው በጋ የሞተሬ ዘንግ ቢሰነጠቅ አንድ ጠጋኝ በጥቂት ገንዘብ በይዶ፣ ሞርዶና ቀለም ቀብቶ መለሰልኝ። ለዐይን አዲስ ይመስል ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ከብየዳው ላይ ተሰበረና ሽንኩርቴ ደረቀ።

በዚያን ጊዜ ትዝ ያለኝ በ2013 ዓ.ም. አንበጣ ማሽላችንን በወረረ ጊዜ መድኃኒት ለመርጨት የመጣው አውሮፕላን ነው። ዝቅ ብሎ የሚበር አውሮፕላን ሞተሩ ቢጠፋበት ማረፊያ የሚመርጥበት ጊዜ የለውም።

ነገሩም ባዶ ሥጋት አይደለም። በሰኔ 1987 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በአትላንታ ከተማ፣ የቫሉጄት ኩባንያ አውሮፕላን ለመነሣት ሲንደረደር በቀኝ ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ዲስክ ፈነዳ፤ ስብርባሪውም እሳት አስነሣ። ገና ከመሬት ስላልተነሣ የሞተ ሰው አልነበረም። ምክንያቱ ሲመረመር ሞተሩን ያደሰው ወርክሾፕ የዲስኩን ስንጥቅ ሳያይ አሳልፎት ተገኘ።

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ 189 ሰዎች ላለቁበት አደጋም ከምክንያቶቹ አንዱ በፍሎሪዳ ተጠግኖ ልኬቱ የተዛባ አንድ ትንሽ መለኪያ ነበር። አምስት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 1 ቀን፣ የእኛው በረራ 302 ከ157 ሰዎች ጋር በቢሾፍቱ አጠገብ ወደቀ። የእኛው በጥገና ጉድለት ወደቀ ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን የሁለቱም አውሮፕላኖች ኮምፒዩተር የአንድ መለኪያ ሐሰተኛ ምስክርነት አምኖ አፍንጫቸውን ወደ ምድር ደፋው።

በ2015 ዓ.ም. ደግሞ አንድ የለንደን ነጋዴ ድርጅት የሲ.ኤፍ.ኤም. 56 ሞተር ዕቃዎችን በሐሰተኛ ወረቀት ሲሸጥ ተገኘ። ነገሩ የታወቀው የፖርቱጋል አየር መንገድ ጠጋኞች ወረቀቱን ተጠራጥረው ሠሪውን ፋብሪካ በመጠየቃቸው ነው።

በቦሌ ያለው የአየር መንገዳችን የጥገና ክፍል የሌሎች አገሮችን አውሮፕላኖች ጭምር የሚጠግን ነውና ያኮራናል። ይህ ክብር እንዲጸና ግን ዕቃ ሲገዛ የዋጋው ርካሽነት ብቻ እንዳይታይ፣ ወረቀቱም ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከሠሪው ፋብሪካ እንዲጣራ ያስፈልጋል። የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንም በትልልቆቹ ላይ የሚያደርገውን ቁጥጥር በገበሬው ማሳ ላይ ለሚበሩት ትንንሾችም እኩል እንዲያጠብቅ አሳስባለሁ።

የእኔ ሞተር ምስክሩ ቀለሙ ብቻ ነበር። ሰው ለሚሳፈርበት ሞተር ይህ አይበቃም።

አንባቢያችሁ፣ ከቆቦ