የላስታ ጦስኝ በሚገባ ይሸጥ

የአገር ንግድ የሚሰፋው አዲስ ሸቀጥ በመፈለግ ብቻ ሳይሆን በጓዳ ያለውንም ለገበያ አሰናድቶ በማቅረብ ነው። የሱዳን ነጋዴዎች የኮርዶፋንን ከርከዴ አድርቀውና አበጥረው ወደ ጀርመን አገር ይልካሉ፤ በዚያም ለሻይ ይሆናል። ከርከዴ የቆላ ተክል ስለ ሆነ ለላስታ ደጋ አይስማማም። የላስታ ድርሻ ጦስኝ ነው።

ጦስኝ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ አካባቢና በመሰሉት ደጋዎች በዱር ይበቅላል። የባልትና ሴቶች ለሽሮና ለበርበሬ ማጣፈጫ ያደርጉታል፤ ጉንፋንና ሳል የያዘውንም ሰው አፍልተው ያጠጡታል። አሠራሩ ቀላል ነው። ቅጠሉ በጥላ ይደርቃል፤ የፈላ ውሃ ከእሳት ሲወርድ ለአንድ ብርጭቆ አንድ የሻይ ማንኪያ ይጨመርበትና ተከድኖ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆያል። መክደን የሚያስፈልገው መዓዛውን የያዘው ዘይት በእንፋሎት እንዳይጠፋ ነው። የላስታ ማር ሲጨመርበት ደግሞ ለእንግዳ የሚቀርብ መጠጥ ይሆናል።

ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላሊበላ በደረሰ ጊዜ የጎብኚ መምጣት ተቋርጦ ከተማው እንደ ተቸገረ የታወቀ ነው። ጎብኚ ቢቀርም ወደ ሌላ ከተማ ተጭኖ የሚሸጥ ሸቀጥ ያለው ባለሱቅ ግን ጨርሶ አይራቆትም።

ይሁን እንጂ ነጋዴው በሚዛን ብቻ የሚገዛ ከሆነ ሥሩና አፈሩ ክብደት ይጨምራሉና ለቃሚው ከነሥሩ ቢነቅለው አያስደንቅም። የተነቀለ ጦስኝ ለከርሞ አያቆጠቁጥም፤ የዛሬው ትርፍ የነገውን ዕቃ ይበላል። ስለዚህ በማጭድ ለታጨደ፣ በጥላ ለደረቀና ለተበጠረ ቅጠል ከፍ ያለ ዋጋ መክፈል የነጋዴው ፈንታ ነው። ገበሬውም በጓሮው እንዲተክለው የሚያበረታታው ይኸው ዋጋ ነው።

ጦስኝ የደም ግፊትንና የስኳር በሽታን ያድናል እያሉ መሸጥም ሊቀር ይገባል። በሽተኛው መድኃኒቱን ትቶ ቢጎዳ ዕዳው ከሻጩ ላይ ይወድቃል፤ የዕቃውም ስም ይጠፋል። በመያዣው ላይ የቅጠሉ ስም፣ የበቀለበት አገር፣ የታጨደበት ወርና የአፈላሉ ሥርዓት ቢጻፍ በቂ ነው።

ከርከዴ ባሕር የተሻገረው በንጽሕናውና በመታመኑ ነው። ጦስኝም እንዲሁ እንዲሆን ላኪውና ባለሱቁ ከወዲሁ ሊያስቡበት ይገባል።