ዕቃችንን ማን አነሣው?

ሰው ከሌሊት ሥራው ደክሞት ሲመለስ መብራት ሳያበራ ወደ ማድቤቱ ገብቶ ስኳሩን ከለመደበት መደርደሪያ ያነሣል። እጁ ያውቀዋል። አንድ ቀን ታዲያ የቤቱ አከራይ እሱ በሌለበት ገብቶ መደርደሪያውን ነቅሎ፣ ስኳሩን ሳሎን፣ ጨዉን መኝታ ቤት አኑሮ፣ በሩ ላይ «እንኳን ደስ ያለዎ፣ ቤትዎ ተሻሽሏል» የሚል ወረቀት ለጥፎ ቢሄድ ምን ይባላል? አከራዩ ይከሰሳል። ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ግን «አፕግሬድ» ይባላል፤ እኛም አንገታችንን ደፍተን ጨዉ የት እንደገባ ስንፈልግ እናመሻለን።

ነገሩ ተራ ቅሬታ ይመስል ይሆናል፤ ታሪኩን ለተመለከተው ግን የከረመ በደል ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1995 ዊንዶውስ 95 «ስታርት» የሚለውን ቁልፍ፣ ከስክሪኑ ግርጌ ከሚዘረጋው ታስክባር ጋር ይዞ መጣ። ሰዉም ለመደው። አገር ቤት ሳለ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቀው ወገናችን ሳይቀር በስደት አገር የማታ ትምህርት ገብቶ «መጀመሪያ ስታርትን ተጫን» የሚለውን እንደ ሀ ሁ በቃሉ ያዘው። ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ ዊንዶውስ 8 ቁልፉን አጥፍቶ ብቅ አለ። ጩኸቱ ሲበረታ በ2013 ቁልፉ ተመለሰ፤ ከቁልፉ ሥር ይወጣ የነበረው ዝርዝር ግን ቀረ። እሱም እስከ ዊንዶውስ 10፣ እስከ 2015 ድረስ መጠበቅ ነበረበት። ልብ በሉ፤ ሦስት ዓመት የተለመነው አዲስ ነገር አልነበረም።

ከዚህ ይማራሉ ሲባል በ2021 ዊንዶውስ 11 መጣ። ታስክባሩን ጎትቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን መውሰድ ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ ይቻል ነበር፤ አሁን ግን አብሮ አልመጣም። የተከፈቱት ፋይሎች እያንዳንዳቸው በስማቸው ታስክባሩ ላይ መታየታቸው ቀርቶ ሁሉም በአንድ ሥዕል ሥር ታጨቁ። ፋይል ጎትቶ ታስክባሩ ላይ ወዳለው ፕሮግራም መውሰድም ቀረ። በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ሲጫኑ ይወጣ የነበረው ዝርዝር አጥሮ፣ የቀረው «ተጨማሪ አማራጮችን አሳይ» ከሚል መስመር ጀርባ ተሸሸገ። ጎትቶ መውሰዱ በ2022፣ በስም መለየቱ በ2023 ተመለሰ፤ ሲመለሱም እንደ አዲስ ገጸ በረከት ተነገረላቸው። የወሰደውን ድስት በዓመቱ በጌጠኛ ወረቀት ጠቅልሎ «ለልደትሽ» ብሎ የሚያመጣ ጎረቤት ቢኖር ምን እንደምንለው አንባቢ ያውቃል።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስቆጣኝ ግን የተሰጠው ምክንያት ነው። በ2022 የኩባንያው ባለሙያዎች ታስክባሩ ለምን ከቦታው እንደማይንቀሳቀስ ተጠይቀው ነበር። መልሳቸው ባጭሩ፦ ይህን የሚፈልጉት ሰዎች ሌላ ነገር ከሚፈልጉት ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ናቸው፣ ሥራው ደግሞ ብዙ ነው የሚል ነበር።

ጥቂት ናቸው! ይህን መልስ እኛ ስደተኞች በሚገባ እናውቀዋለን። ለልጆቻችን የአማርኛ ክፍል ይከፈት ስንል ሰምተነዋል፤ ለሕመምተኛ አስተርጓሚ ይመደብ ስንል ሰምተነዋል። ፊደላችንም ደጅ የጠናው በዚሁ ሂሳብ ይመስለኛል። የዓለም ፊደላት በአንድ መዝገብ የሚሰፍሩበት ዩኒኮድ የመጀመሪያው እትሙ በ1991 ሲወጣ ግዕዝ አልነበረበትም፤ የገባው በ1999 ነው። ዊንዶውስ ንያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ ለሕዝብ የቀረበው ደግሞ በቪስታ፣ በ2007 ነው። ያም ሆኖ በ2015 ዊንዶውስ 10 ሲመጣ ንያላ ከሳሎን ወጥቶ ጓዳ ገባ፤ የሚፈልገው ሰው ከተጨማሪ አማራጮች መካከል ፈልጎ ራሱ እንዲጭነው ተተወ። አማርኛን በቋንቋነት ለመዘገበ ኮምፒውተር አብሮ ይጫናል፤ ላልመዘገበው ግን በንያላ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላ ፎንት ይተካና መስመሩ ይዛባል፣ ገጹ ይረዝማል። የሚሠራውን ሰው ግን «ፎንትህን አንሥተነዋል» ብሎ የሚነግረው የለም።

ከዚያ በፊት የነበረውንማ አታንሡት። በ1990ዎቹ የዕድር ቃለ ጉባኤ፣ የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ፣ የሰርግ ጥሪ ሁሉ የሚጻፈው የአማርኛውን ፊደል በላቲኑ ወንበር ላይ ባስቀመጡ ፕሮግራሞች ነበር። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይታያል። ለዊንዶውስ 3.1 የተሠሩት ፕሮግራሞች ባለ 16 ቢት ስለሆኑ ባለ 64 ቢቱ ዊንዶውስ አያስነሣቸውም፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የሚገኘው በባለ 64 ቢት ብቻ ነው። የስንቱ ማኅበር የምሥረታ ታሪክ በዲስኬት ውስጥ ታስሮ እንዳለ ቤት ይቁጠረው።

«አሮጌ ነገር ሙጥኝ ማለት አያዋጣም፤ ማሻሻያው ለደኅንነት ነው» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ግማሹ እውነት ነው። የደኅንነት ጥገና የማያገኝ ኮምፒውተር ለሌባ ክፍት ነው፤ ባንካችንም ሆነ አገር ቤት የምንልከው ገንዘብ በዚያው ያልፋል። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ የበሩን ቁልፍ ለማጠናከር መደርደሪያውን መንቀል ለምን አስፈለገ? ሁለቱ በአንድ ገመድ ስለታሰሩ፣ ቁልፉን የፈለገ ሰው የመደርደሪያውን መነቀል አብሮ ይውጣል። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 14 ቀን 2025 (በፈረንጆች ኦክቶበር) ሲያበቃ፣ ደህና የሚሠራ ብዙ ኮምፒውተር የዊንዶውስ 11ን መስፈርት ስለማያሟላ ብቻ ወደ መጣያው ደጃፍ ተገፋ። ባለቤቱ ቤት ለቤት ጽዳት ሠርቶ የገዛው መሆኑን መስፈርቱ አይጠይቅም።

ዳሩ ግን መጮህ ዋጋ የለውም የሚለውን አልቀበልም። ለዊንዶውስ 10 የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ሲቀርብ፣ ኩባንያው ያስቀመጠውን ግዴታ ያልፈለገ ግለሰብ 30 ዶላር ይክፈል ተብሎ ነበር። በ2025 የአውሮፓ ሸማቾች ወገን ከተሟገተ በኋላ በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጠና ለሚኖሩት ያለ ክፍያ ተሰጠ። አሜሪካና ዓረብ አገር ያለን ዝም አልን፤ በዚያው ቀረን። የነጻ ሶፍትዌር ሰዎችማ ከዚህም አልፈው ሄደዋል። በ2011 ግኖም የተባለው የሊኑክስ ገጽታ በሦስተኛው እትሙ መልኩን ሲለውጥ፣ ያልወደዱት ወገኖች የቀድሞውን ምንጭ ወስደው ማቴ በሚል ስም አስቀጠሉት። ምንጩ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ከልካይ አልነበራቸውም።

የኛ ነገር የሚያሳዝነው እናቶችና አባቶች ላይ ሲደርስ ነው። በ60 ዓመታቸው በባዕድ ቋንቋ ኮምፒውተር የተማሩ ሰዎች የሚያስታውሱት የቁልፉን ስም ሳይሆን ቦታውን ነው፤ «ከግራ ሦስተኛዋ ሰማያዊ» ይላሉ። ሰማያዊዋ መሐል ስትገባ ኢሜይላቸውን ለመክፈት እንደገና የልጅ እጅ ጠባቂ ይሆናሉ። ልጁም «እማዬ፣ ስንቴ ላሳይሽ?» ይላል። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል።

ዊንዶውስ ውስጥ «ፊድባክ ሃብ» የሚባል የአስተያየት ሣጥን አለ። የማኅበራችን ኮምፒውተር አዋቂዎች በወር አንድ ቅዳሜ ሰብሰብ ብለው፣ አዛውንቶቹ የጠፋባቸውን እየተናገሩ እነሱ እየጻፉ ቢልኩላቸው ምን ይገዳቸዋል? የኔን ባለፈው እሑድ ልኬዋለሁ። ሁለት መስመር ናት፦ ንያላን ከጓዳ አውጡልን፤ ከእንግዲህ ዕቃ ስታነሡ ቀድማችሁ ጠይቁን።