የመድን መዝገብና የሕመምተኛው ምስጢር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። እውነት ነው። ነገር ግን በሽታውን ለሐኪም የገለጸ ሰው ለገበያ አልገለጸም። ይህን ያነሣነው ስለ ጤና መድን መዝገብ ነው።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ4 ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ፤ ዛሬ አብዛኞቹን የሀገሪቱን ወረዳዎች አዳርሷል። ገበሬው በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችለው ድኻ መንግሥት ይከፍልለታል። ጤና ጣቢያውም ላከመበት ክፍያ ሲጠይቅ የታካሚውን ማንነት፣ ሕመሙን፣ የተሰጠውን መድኃኒትና ዋጋውን ይዘረዝራል።

እንግዲህ ይህ ወረቀት የሒሳብ ማስረጃ ብቻ አይደለም። ከጣርማ በር ብርድ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ከደጋ ቆላ ይገባል፤ ሕመሙም እንደ አየሩ ይለዋወጣል። ወባ በየትኛው ወር እንደ በዛ፣ ወደ ዳገቱም እስከ የት ቀበሌ እንደ ወጣ፣ የሳምባ ምች የት ልጆችን እንደሚደጋግም ከመዝገቡ ሊነበብ ይችላል። እኛ ግን መጠይቅ ተሸክመን በየደጁ እንዞራለን።

በርግጥ መዝገቡ ሁሉን አይናገርም። መዋጮ ያልከፈለው፣ መንገድ ርቆበት እቤቱ የተኛው፣ ጠበል የሄደው አልተጻፈበትም። ይህን የዘነጋ ጥናት ያልታከመውን ሁሉ ጤነኛ ያደርገዋል።

ታይዋን እ.ኤ.አ. በ1995 የጤና መድን አቋቁማ መዝገቡን በኋላ ለተመራማሪዎች ከፈተች፤ ብዙ ዕውቀትም ተገኘበት። ሆኖም በ2022 የሀገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ጥናቱን ሳይከለክል፣ ሰው «የእኔ መረጃ ይቅር» የሚልበት መንገድና ገለልተኛ ተቆጣጣሪ አለመኖሩን ነቅፎ ሕጉ በ3 ዓመት እንዲታረም ወሰነ። በእኛም ሀገር የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል።

ስለዚህ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የአስራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ መምህራንና ተማሪዎች ከወረዳዎቹ የመድን ጽሕፈት ቤቶች ጋር ይመካከሩ እንላለን። ስምና መታወቂያ ቁጥር ከመዝገቡ ይውጣ። ይህም ብቻውን አይበቃም፤ በትንሽ ቀበሌ ዕድሜና ሕመም ብቻ ሰውየውን ያሳውቃሉና። የጥናቱም ውጤት ወደ ቀበሌው ይመለስ፤ መዋጮውን የከፈለው ገበሬ ነውና።

ምስጢሩ ወጥቶ የተዋረደ ሰው ለከርሞ መዋጮ አይከፍልም። ያን ጊዜ መድኑም፣ መዝገቡም፣ ጥናቱም አብረው ይጠፋሉ።